ሳጥኑ «5.1» ይላል፤ ጆሯችን ጋ የሚደርሰው ግን ስንት ነው?

ከቴሌግራም ያወረዳችሁትን ፊልም ስልክ ላይ ስትከፍቱ እንዲህ ዓይነት ነገር ሳይገጥማችሁ አይቀርም። ምስሉ ጥርት ብሎ ይሄዳል፤ ተዋንያኑ አፋቸውን ይከፍታሉ፣ ይዘጋሉ፤ ድምፅ ግን የለም። ስክሪኑ ላይ «ይህ የድምፅ ፎርማት አይደገፍም» የሚል መልእክት ብቅ ይላል፤ አጠገቡም «ኢኤሲ-3» ወይም «ዲቲኤስ» የሚሉ ፊደላት አሉ። ብዙው ሰው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ይልና አጥፍቶት ሌላ ፍለጋ ይገባል። ስንቱ ፊልም ከነበላው ፓኬጅ በዚህ ሰበብ እንደተሰረዘ ቤት ይቁጠረው።

ፋይሉ ግን ምንም አልሆነም። እነዚያ ፊደላት የሚሉት ድምፁ ለሆም ቴአትር በሚሆን እሽግ ውስጥ ተጠቅልሎ እንደመጣ፣ ስልካችሁ ላይ ያለው ማጫወቻ ደግሞ ያንን እሽግ መፍታት እንደማይችል ነው። ይህ ነገር ስልክ ላይ ሲያጋጥም ኪሳራው ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው። ሳይገባን ሱቅ ገብተን ሳውንድባር ወይም ሆም ቴአትር ስንገዛ ግን ሒሳቡ በሺህ ብር ይቆጠራል። ስለዚህ ከመክፈላችን በፊት እሽጉን ፈታ አድርገን ብናየው አይከፋም።

ሳጥኑ ላይ ያሉት ስሞች

አንድ የሳውንድባር ሳጥን አንሡና ተመልከቱ። «5.1»፣ «ዶልቢ ዲጂታል»፣ «ዶልቢ አትሞስ»፣ «ዲቲኤስ»፣ «ሰራውንድ» ምናምን ተደርድሯል። ሻጩም «ሁሉንም ያጫውታል» ይላችኋል። አብዛኞቻችን ደግሞ ስሞቹን እንደ ደረጃ ነው የምናያቸው፤ ዶልቢ ዲጂታል ጥሩ፣ አትሞስ በጣም ጥሩ፣ እንደዚያ። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ስሞቹ የሚናገሩት ስለ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ነው።

አንደኛው የስፒከሮቹ ቁጥርና ቦታ ነው። 5.1 ሲባል ከፊት ግራ፣ መሀልና ቀኝ ሦስት ስፒከር፤ ከጎናችሁ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ሁለት፤ ከዚያ ያቺ «ነጥብ አንድ»። እሷ ለቤዝ ብቻ የተተወች መስመር ናት። እስከ 120 ኸርዝ ያለውን ዝቅ ያለ ድምፅ ብቻ ስለምትይዝ እንደ ሙሉ ቻናል አትቆጠርም፤ ነጥብ የገባችውም ለዚህ ነው። 7.1 ሲሆን ከጀርባ ሁለት ይጨመራሉ። 5.1.2 ወይም 7.1.4 የሚል ካያችሁ ደግሞ የመጨረሻው ቁጥር ከላይ፣ ከኮርኒሱ በኩል የሚመጣውን ድምፅ ነው የሚቆጥረው።

ሁለተኛው እሽጉ ነው፤ በቴክኖሎጂው ቋንቋ ኮዴክ የሚባለው። ስድስት መስመር ድምፅ ሳይጨመቅ ቢቀመጥ ሁለት ሰዓት ለሚፈጅ ፊልም ድምፁ ብቻውን ከ4 ጊጋባይት በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ይጨመቃል። ዶልቢ ዲጂታል (በፋይል ስሙ ኤሲ-3)፣ ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ (ኢኤሲ-3)፣ ዲቲኤስ፣ ዶልቢ ትሩኤችዲ፣ ዲቲኤስ-ኤችዲ ማስተር ኦዲዮ፣ ሁሉም የአጨማመቅ ዘዴዎች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቦታ ለመቆጠብ ከድምፁ ጥቂት ይጥላሉ፤ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ምንም ሳይጥሉ ያጥፉታል፣ በዚያው ልክ ከባድ ናቸው፤ የሚገኙትም በዋናነት ብሉ-ሬይ ዲስክ ላይ ነው።

ሦስተኛው የድምፅ ባለሙያው ድምፁን ያስቀመጠበት መንገድ ነው። ዶልቢ አትሞስ እና ዲቲኤስ ኤክስ የሚገቡት እዚህ ጋ ነው። በአሮጌው መንገድ ባለሙያው «ይህን ድምፅ የኋላ ግራ ስፒከር ያጫውተው» ብሎ ይመድባል። በአትሞስ ግን አንዲት ንብ በራሳችን ላይ ስትበር ብናስብ፣ የንቧ ድምፅ ለብቻው ይቀመጥና «በዚህ ሰከንድ እዚህ ጋ ናት፣ በሚቀጥለው እዚያ» የሚል አድራሻ ይለጠፍበታል። የትኛው ስፒከር ምን ያህል እንደሚጮህ የሚያሰላው እናንተ ቤት ያለው ዕቃ ነው። በሲኒማ ቤት አትሞስ እስከ 128 የድምፅ መስመር ይዞ እስከ 64 ለሚደርሱ ስፒከሮች ማከፋፈል ይችላል። ይኸው ፊልም ለቤት ሲዘጋጅም ሁለትም ስፒከር ይኑራችሁ አሥራ ሁለት፣ ስሌቱ ባላችሁ ልክ ይሠራል።

አትሞስ ደግሞ ራሱን ችሎ የሚጓዝ እሽግ አይደለም፤ በኢንተርኔት ሲመጣ በዶልቢ ዲጂታል ፕላስ፣ በብሉ-ሬይ ሲመጣ በትሩኤችዲ ውስጥ ተሳፍሮ ነው። እንግዲህ አንድ ዕቃ እሽጉን መክፈት ከቻለ ሳጥኑ ላይ «አትሞስ» ተብሎ ሊጻፍለት ይችላል፤ ውስጡ ያለው ስፒከር ግን ከፊት ብቻ የተደረደረ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ባለ 2.1 ሳውንድባሮች ገበያ ላይ አሉ። ውሸት አልጻፉም። አልገባንም እንጂ።

ስሞቹ ከየት መጡ?

ድምፅን በተመልካቹ ዙሪያ የማዞር ሐሳብ የዛሬ አይደለም። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1940 «ፋንታዚያ»ን ሲያወጣ «ፋንታሳውንድ» የተባለ ሥርዓት አሠርቶ ነበር። ዕቃው ውድና ግዙፍ ስለነበር በጥቂት አዳራሾች ብቻ ተተክሎ ቀረ። በ1977 «ስታር ዎርስ» የተሠራበት ዶልቢ ስቴሪዮ አራት ቻናል በሁለት መስመር ውስጥ አጣጥፎ ይዞ መጣ፤ ከኋላ የሚሰማው አንዱ ብቻ ነበር። የኋላው ድምፅ ግራና ቀኝ ተለይቶ፣ ቤዙም የራሱን መስመር ይዞ የዛሬውን 5.1 መልክ ያገኘው በ1979 «አፖካሊፕስ ናው» ላይ ነው። የፊልሙን ድምፅ የቀረጸው ዋልተር መርች ሄሊኮፕተሮቹ አዳራሹን እንዲዞሩ ያደረገበት መክፈቻ እስከ ዛሬ የድምፅ ተማሪዎች የሚያጠኑት ነው።

እውነተኛው ፉክክር ግን የመጣው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ይህንን ታሪክ እኔ በጣም እወደዋለሁ። ዶልቢ ዲጂታል በ1992 ከ«ባትማን ሪተርንስ» ጋር ሲወጣ ዲጂታሉን ድምፅ የት እናስቀምጠው የሚል ጥያቄ ነበር። የፊልም ጥቅልል ጠርዙ ላይ ማሽኑ የሚይዝበት ቀዳዳ አለው አይደል? ዶልቢዎች በቀዳዳና በቀዳዳ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ አገኙና ዳታውን እዚያች ላይ አተሙት። ቦታዋ ትንሽ ስለሆነች ድምፁን በደንብ መጭመቅ ግድ ሆነባቸው።

በቀጣዩ ዓመት ስቲቨን ስፒልበርግ «ጁራሲክ ፓርክ»ን ይዞ ሲመጣ፣ እሱ ራሱ ገንዘብ ያፈሰሰበት ዲቲኤስ ሌላ መንገድ መረጠ። ድምፁን ከፊልሙ አውጥቶ ሲዲ ላይ ጫነው። ጥቅልሉ ላይ የቀረው የሰዓት ምልክት ብቻ ነበር፤ ሲዲ ማጫወቻው ያንን ምልክት እያነበበ ከምስሉ ጋር እኩል ይሄዳል። ሲዲ ላይ ሰፊ ቦታ ስላለ ዲቲኤስ ያን ያህል መጭመቅ አላስፈለገውም። ዛሬ ስልካችሁ ላይ የዲቲኤስ ድምፅ ያለው ፊልም ከዶልቢው ይበልጥ የሚከብደው ከዚያ ዘመን በወረሰው ጠባይ ነው።

አትሞስ በ2012 «ብሬቭ» ከተባለው የፒክሳር አኒሜሽን ጋር ሲኒማ ቤት ገባ፤ ሰው ቤት የደረሰው በ2014 ነው። ዲቲኤስ ኤክስ በ2015 ተከተለ።

ድምፁ ስንት ሜጋ ይበላል?

እዚህ ጋ ፓኬጅ የሚገዛ ሁሉ ጆሮውን ይስጠኝ። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ፊልም ውስጥ ድምፁ ብቻውን ስንት እንደሚይዝ በግርድፉ እናስላ። ተራ ስቴሪዮ፣ ማለትም «ኤኤሲ 2.0» የሚባለው፣ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ቢሆን 115 ሜጋባይት ገደማ ነው። ዶልቢ ዲጂታል 5.1 በዲቪዲ ልክ በ448 ኪሎቢት ሲሆን 400 ሜጋባይት ይደርሳል። ኔትፍሊክስ ለአትሞስ የሚጠቀምበት ከፍተኛው መጠን 768 ኪሎቢት ነው፤ ይህ ወደ 690 ሜጋባይት ይጠጋል። ሙሉው ዲቲኤስ 1,509 ኪሎቢት ነው፤ 1.36 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ድምፁ ብቻ!

አሁን ያንን 1.36 ጊጋባይት አውርዳችሁ በስልካችሁ ስፒከር አልጋ ላይ ተኝታችሁ ብታዩት ምን ታገኛላችሁ? ስቴሪዮ። ስልኩ ስድስቱን ቻናል ወደ ሁለት ያጣጥፈዋል፤ ሲያጣጥፍም የቤዟን መስመር ብዙ ጊዜ ጭራሽ ይጥላታል። በስልክ ለማየት ከሆነ «ኤኤሲ 2.0» የሚል የተጻፈበትን ፋይል ምረጡ። «ዲዲ 5.1» ወይም «ዲዲፒ 5.1» የሚሉትን እውነተኛ ሆም ቴአትር ላለው ሰው ተዉለት።

ቀድሞ ለወረደው ደግሞ መፍትሔ አለ። የዶልቢና የዲቲኤስ እሽግ የሚፈታው ፕሮግራም ዲኮደር ይባላል፤ ለእሱ የፈቃድ ክፍያ ይጠየቃል። ብዙ ሰው የሚጠቀምበት ኤምኤክስ ፕሌየር አንዳንዶቹን ዲኮደሮች ከመተግበሪያው ያወጣው በዚሁ በፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ ነው «አይደገፍም» የሚላችሁ። ተጨማሪ የኮዴክ ፋይል ፈልጎ መጫን ይቻላል። ከዚያ የሚቀለው ግን ቪኤልሲን ማውረድ ነው፤ ነፃ ነው፣ የራሱን ዲኮደር ይዞ ስለሚመጣ ኤሲ-3ም ኢኤሲ-3ም ዲቲኤስም ሳይመርጥ ያጫውታል።

ቴሌቪዥን ላይም ይኸው ጣጣ አለ። ሳምሰንግ ከ2018 ሞዴሎቹ ጀምሮ ዲቲኤስን ከቴሌቪዥኖቹ አውጥቷል። ኤልጂም በ2020 አውጥቶ በ2023 በአንዳንድ ሞዴሎቹ ላይ መልሷል። ስለዚህ ፍላሽ ሰክታችሁ ምስሉ መጥቶ ድምፁ ቢቀር ቴሌቪዥኑን ለጥገና ከመውሰዳችሁ በፊት የፋይሉን የድምፅ ዓይነት እዩ። ኮምፒውተር ያለው ጓደኛ ካላችሁ ምስሉን ሳይነካ ድምፁን ብቻ ወደ ዶልቢ ዲጂታል መቀየር የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ስልኩ ላይ ያለችው «አትሞስ» የምትል ማብሪያስ?

ብዙ አንድሮይድ ስልኮች የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ዶልቢ አትሞስ» የሚል ማብሪያ አላቸው። ሳምሰንግ ከጋላክሲ ኤስ9 ጀምሮ አስገብቶታል። ስታበሩት ሙዚቃው ሰፋ፣ ቤዙ ሞላ ይላል። ይህን ስታደርጉ ያ የአማርኛ ዘፈን አትሞስ ሆነ ማለት አይደለም፤ በስቴሪዮ የተቀዳ ነገር ስቴሪዮ ነው፣ ስልኩ ቅመም ጨመረበት እንጂ። ደስ ካላችሁ ተጠቀሙበት፤ ድምፃዊው የተበረዘባችሁ ከመሰላችሁ አጥፉት።

ኢርፎን ላይ ግን ነገሩ የምር ይሆናል። «በሁለት ኢርፎን እንዴት ከኋላ ይሰማል?» ትሉ ይሆናል። እኛስ ያሉን ሁለት ጆሮዎች አይደሉም እንዴ? ከቀኝ የመጣ ድምፅ ቀኝ ጆሮ ጋ ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ልዩነት ቀድሞ ይደርሳል። ግራው ጋ ሲደርስ ጭንቅላታችን ስለጋረደው ደከም ብሏል። የጆሯችን ቅርጽም ከፊት የመጣውንና ከኋላ የመጣውን በተለያየ መልክ ያሳልፈዋል። አእምሮ አቅጣጫ የሚያውቀው በእነዚህ ምልክቶች ነው። ሶፍትዌሩ ምልክቶቹን ቀድሞ ካሰላቸው ሁለት ኢርፎን በቂ ነው። የሁሉም ሰው ጆሮ አንድ ዓይነት ስላልሆነ ግን ለአንዱ ጀርባው ላይ የተሰማው ለሌላው ጭንቅላቱ ውስጥ ሊሰማ ይችላል። አፕል ሙዚቃ በ2021 የአትሞስ ዘፈኖችን ማቅረብ ሲጀምር አድማጩ ለሁለት የተከፈለው በከፊል ለዚህም ነው።

በእኔ ግምት ኪራይ ቤት ለሚኖር፣ ክፍል ለሚጋራ ወይም ሌሊት ለሚያይ ሰው ጥሩ ሄድፎን ከመካከለኛ ሆም ቴአትር ይበልጣል። ሲቀይሩ ቤት ተሸክሞ መሄድም የለም።

ሱቅ ስትገቡ

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። ገበያ ላይ «5.1 ሆም ቴአትር» ተብለው ከሚሸጡት ርካሽ ዕቃዎች ብዙዎቹ መግቢያቸው ብሉቱዝ፣ ፍላሽ፣ ኤፍኤም ሬዲዮና ቀይና ነጭ ጫፍ ያለው ገመድ ነው። ቀይ ቀኝ ነው፣ ነጭ ግራ ነው፤ በቃ፣ ሁለት ቻናል። በብሉቱዝ ከስልክ ወደ ስፒከር የሚሄደውም እንደዚሁ ስቴሪዮ ነው። ሁለት ገብቶ አምስት ሊወጣ አይችልም። ዕቃው የሚያደርገው ያንኑ ሁለት ቻናል በአምስቱም ስፒከር ላይ ማባዛት ነው። ድምፁ ቤቱን ይሞላል፣ ለልደትና ለምርቃት ድግስ አሪፍ ነው፤ ሰራውንድ ግን አይደለም።

መፈተኛው ቀላል ነው። ከኢንተርኔት በነፃ የሚገኝ የ5.1 ቻናል መፈተሻ ቪዲዮ በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፤ ስልክ ላይ የሚጫወት ዩቲዩብ አይሆንም፣ ስቴሪዮ ነውና። ፋይሉ ውስጥ አንድ ድምፅ በየተራ «የፊት ግራ»፣ «መሀል»፣ «የኋላ ቀኝ» እያለ በእንግሊዝኛ ይጠራል። «የኋላ ቀኝ» ሲል የሚናገረው የኋላው ቀኝ ስፒከር ብቻ መሆን አለበት። ሁሉም በአንድነት ካወሩ መልሱን አግኝታችኋል።

ሳጥኑ ላይ «3000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ካያችሁ ቁጥሩን እርሱት። ፒኤምፒኦ አንድ ወጥ የአለካክ ሕግ የለውም፤ አምራቹ ደስ ያለውን ይጽፍበታል። መጠየቅ ያለባችሁ «አርኤምኤሱ ስንት ነው?» ብላችሁ ነው። እሱ ዕቃው ሳያቋርጥ መስጠት የሚችለውን ኃይል ነው የሚናገረው፤ ባለ 3000ው አርኤምኤሱ 50 ወይም 60 ሆኖ ሲገኝ አትደንግጡ።

ከአሜሪካ ዘመድ የሚልክላችሁ ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ከዕቃው ጀርባ ያለውን ጽሑፍ ፎቶ አንሥቶ ይላክላችሁ። «100-240 ቮልት» ካለ ሰላም ነው። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የእኛን 220 ሲቀምስ ያልፍለታል። ሶኬት የሚቀይረው ትንሿ አዳፕተር የጥርሱን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አትለውጥም።

ሳውንድባሩ እውነተኛ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ ገመዱ ነው። ቴሌቪዥናችሁ ጀርባ ካሉት የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎች አንዱ «ኤአርሲ» ወይም «ኢ-ኤአርሲ» የሚል ይጻፍበታል። ድምፅ ከቴሌቪዥኑ ወደ ሳውንድባሩ የሚመለሰው በእሱ ብቻ ነው፤ ሌላው ላይ ብትሰኩት ጸጥ ነው። ተራው ኤአርሲ ዶልቢ ዲጂታልንና ዶልቢ ዲጂታል ፕላስን ያሳልፋል፣ ስለዚህ ከኔትፍሊክስ ዓይነት አገልግሎት የሚመጣው አትሞስም ያልፍበታል። ትሩኤችዲን የመሰሉት ከባዶቹ ግን ኢ-ኤአርሲ ይፈልጋሉ። ኦፕቲካል የሚባለው ቀይ ብርሃን የሚወጣበት ገመድ ተራውን ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ ይሸከማል፤ አትሞስ አይሞከርም።

ገመዱ ትክክል ሆኖም አንድ ወጥመድ ይቀራል። የቴሌቪዥኑ የድምፅ ሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል አውትፑት» በሚለው ሥር «ፒሲኤም» ተመርጦ ከሆነ በኤአርሲ የሚወጣው ስቴሪዮ ነው። «አውቶ» ወይም «ፓስ-ስሩ» አድርጉት። አምፕሊፋየሩ ወይም ሳውንድባሩ ስክሪን ካለው፣ ወይም በስልክ መተግበሪያው በኩል፣ የመጣለትን የድምፅ ዓይነት ስም ያሳያል። ፊልሙ 5.1 ሆኖ እዚያ ላይ «ፒሲኤም 2.0» ካያችሁ መንገድ ላይ የሆነ ቦታ ተቆርጧል ማለት ነው።

ወሬው የማይሰማ፣ ፍንዳታው የሚያስደነግጥ

ቤት ውስጥ የሚሰማው ትልቁ ሮሮ ይኼ ነው። ሰዎች ሲያወሩ ድምፅ ትጨምራላችሁ፣ ወዲያው ተኩስ ይጀመርና ሪሞት ፍለጋ ትራወጣላችሁ፤ እናትም ከጓዳ «ቀንሱት!» ይላሉ። ምክንያቱ በፊልም 5.1 ውስጥ ንግግሩ በአብዛኛው የሚቀመጠው መሀል ስፒከር ላይ ብቻ መሆኑ ነው። መሀሉ ስፒከር ከሌለ ያ ንግግር ቀነስ ተደርጎ ወደ ግራና ቀኝ ይከፈላል፤ እዚያ ሲደርስ ሙዚቃውም ጩኸቱም የኋላው ድምፅም ተደርቦ ይጠብቀዋል። በዚያ ላይ ፊልሙ የተቀነባበረው ለጸጥተኛ አዳራሽ ነው። ሹክሹክታና ፍንዳታ መካከል ያለው ርቀት ሆን ተብሎ ሰፍቷል።

ለዚህ ነው ሰው ሲያማክረኝ አትሞስ የሚል ቃል ከመፈለጉ በፊት 3.1 የሆነ፣ የምር መሀል ስፒከር ያለው ሳውንድባር እንዲፈልግ የምነግረው። ያ ካልተቻለም ሴቲንግ ውስጥ «ናይት ሞድ» ወይም «ዳይናሚክ ሬንጅ» የሚለውን ፈልጉ። ዶልቢ ዲጂታል እሽግ ውስጥ ጩኸቱን ለመቀነስና ሹክሹክታውን ከፍ ለማድረግ የሚያገለግል መመሪያ አብሮ ይላካል፤ ናይት ሞድ ያንን መመሪያ ሥራ ላይ ያውለዋል። የምንከታተላቸው የዩቲዩብ ድራማዎችና የዲሽ ቻናሎች ግን በአብዛኛው ከመነሻቸው ስቴሪዮ ናቸው፤ ለእነሱ አምስት ስፒከር መኖሩ የሚጨምረው ነገር ትንሽ ነው።

ክፍሉ

እውነተኛ 5.1 ካላችሁ ማሰቀመጫው ዋጋ የለውም፣ ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። መሀሉ ስፒከር ፊት ለፊታችሁ፤ ግራና ቀኙ ከእሱ 30 ዲግሪ ያህል ወደየጎናቸው፤ የኋላዎቹ 110 ዲግሪ ገደማ ላይ፣ ማለትም ከጆሯችሁ ትንሽ ወደ ኋላ። ብዙ ቤት አምስቱም ስፒከር ቴሌቪዥኑ ያለበት ቡፌ ላይ ተደርድረው አያለሁ። ያማረ ነው፣ ግን ተራ ስቴሪዮ ነው። ሶፋው ከጀርባ ግድግዳ ጋር ተጣብቆ ቦታ ከሌለ የኋላዎቹን ከሶፋው ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ አድርጎ ግድግዳ ላይ መስቀል ይበቃል። ስፒከሮቹ ከእናንተ ያላቸው ርቀት ካልተመጣጠነ ሴቲንግ ውስጥ ርቀቱን በሜትር አስገቡ፤ ድምፅ አንድ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሺኛ ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፣ ዕቃው ያንን ያካክሰዋል።

ወደ ላይ የሚተኩሱ የአትሞስ ስፒከሮች ደግሞ የሚሠሩት ድምፁን ኮርኒሱ ላይ አንጥረው ነው። የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ጣሪያ ጠፍጣፋና ጠንካራ ስለሆነ በደንብ ያነጥራል። ኮርኒሱ አቡጀዲ የሆነበት ቤት ወይም ዘንበል ያለ ጣሪያ ላይ ግን ድምፁ ተውጦ ወይም አቅጣጫውን ስቶ ይቀራል፤ ለዚያ ተጨማሪ መክፈል ብር መበተን ነው።

ቤዝ ነገር ሌላ ነው። ከ80 ኸርዝ በታች ያለ ድምፅ ከየት እንደመጣ ጆሮ በደንብ አይለይም፤ ስለዚህ ዎፈሩን የተመቻችሁ ቦታ ልታደርጉት ትችላላችሁ። ማዕዘን ላይ ካስቀመጣችሁት ይበልጥ ይጮሃል፣ ግን ይጉረመረማል። ይህ ዝቅተኛ ድምፅ ግድግዳና ወለል አልፎ ስለሚሄድ ከታች ያለው ጎረቤት የሚሰማው የፊልሙን ንግግር ሳይሆን ዱም ዱሙን ብቻ ነው። ዎፈሩን ከጋራው ግድግዳ አርቁት፣ ከሥሩ ወፍራም ፎም አድርጉለት፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ናይት ሞዱን አብሩት።